የአካል ምርመራን ካርድ ላይ እንዴት እንጻፍ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጀማሪ ሐኪሞች ጋር መሥራት ከጀመርኩ ቆየሁ። ራውንድ ላይ፣ ዲዩቲ ክፍል ውስጥ፣ አንዳንዴም ሌሊት በስልክ የሚጠይቁኝ ነገር ይመሳሰላል። አብዛኛው ስለ ሕክምናው አይደለም፤ ስለ ጽሑፉ ነው። የታካሚውን ሆድ ዳስሰው፣ ደረቱን አዳምጠው ሲጨርሱ ካርዱ ላይ ይቆማሉ። «አሁን ይሄን ምን ብዬ ልጻፈው?» ይላሉ። ደጋግመው የጠየቁኝን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ።

ላብራቶሪውም ሲቲ ስካኑም እያለ የአካል ምርመራን መጻፍ ለምን ይህን ያህል ያስጨንቃል?

አንድ ሌሊት ልንገራችሁ። ዲዩቲ ነበርኩ። ነርሷ ጠራችኝ። ቀን ላይ የተኙ አንድ አባት «ግራ እግሬን አመመኝ» እያሉ ነው። ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚት በታች ገርጥቷል፤ ስነካው ይቀዘቅዛል። የደም ሥር ምቱን ፈለግኩት፤ የለም። ቀኝ እግራቸው ግን ሞቃት ነው፣ ምቱም ጣቴ ላይ ጥርት ብሎ ይሰማኛል።

ያኔ ማወቅ የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህ እግር ቀን ላይ እንዴት ነበር? ምቱ ከድሮም የጠፋ ከሆነ አካሄዱ ሌላ ነው። አሁን የጠፋ ከሆነ ግን ሰዓቱ መቁጠር ጀምሯል። በድንገት ደም የተቋረጠበት እግር 6 ሰዓት ያህል ካለፈው የመዳን ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ካርዱን ገለጥኩ። «እጅና እግር፦ ኖርማል» ይላል። በቃ፣ ሌላ የለም። ቀን ላይ ያያቸው ሐኪም ጋ ደወልኩ። ትንሽ ዝም አለና «እውነቱን ልንገርህ፣ የእግሩን ምት ልብ ብዬ አላየሁትም» አለኝ።

መልሱን የሰጠችኝ አልጋው አጠገብ የተቀመጠችው ልጃቸው ናት። «ማታ ካልሲ ሳጠልቅላቸው ሞቃት ነበር» አለች። ቀዶ ሐኪሙን በዚያ ቃል ቀሰቀስነው።

ካርዱ ላይ መኖር የነበረበት ያ የልጅቷ ዓረፍተ ነገር ነው። ሲቲ ስካን የተነሳበትን ደቂቃ ያሳያል። ትናንት ሆዱ ለስላሳ እንደነበር፣ ከትናንት በስቲያ ታካሚው በራሱ ተነስቶ እንደተቀመጠ የሚመሰክረው ያኔ የተጻፈው ኖት ብቻ ነው። የምትጽፉት ከእናንተ በኋላ ያንን ገላ ለሚነካ ሰው ነው። ያ ሰው ብዙ ጊዜ ሌሊት ላይ፣ ብቻውን፣ ታካሚውን ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ ነው።

ታዲያ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር ሁሉንም ልጻፍ?

ሁልጊዜ አይደለም። መጠኑን የሚወስነው ታካሚው ይዞት የመጣው ችግር ነው። አዲስ ለተኛ ሰው ሙሉ ምርመራ ያስፈልጋል፤ የነገው ንጽጽር የሚነሳው ከእሱ ነው። ጆሮውን አሞት ለመጣ ሰው ግን የጉልበቱን ሪፍሌክስ ጽፎ የጆሮውን ታምቡር መዝለል ሥራ አይባልም።

ርዝመት እንደ ጥራት የተቆጠረበት ዘመን ነበር። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1995 እና በ1997 የወጡት የክፍያ መመሪያዎች የተመረመሩ የአካል ክፍሎችንና ነጥቦችን ያስቆጥሩ ነበር። ብዙ የጻፈ ከፍ ያለ ክፍያ ይጠይቅ ነበርና ኖቱ ሁሉ አበጠ። ለተመላላሽ ታካሚዎች ይህ ቆጠራ የቀረው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2021 ጀምሮ ነው፤ ለተኙ ታካሚዎች ደግሞ በ2023። አሁን የሚጠበቀው ለጉዳዩ ተገቢ የሆነ ምርመራ ነው። ያ ዘመን የወለዳቸው ረጃጅም ፎርሞች ግን ዛሬም ኮምፒውተር ላይ አሉ። ባዶ ሳጥን ስላያችሁ ብቻ አትሙሉት።

«ኖርማል» ብሎ መጻፍ ምን ችግር አለው?

«ኖርማል» ፍርድ ነው። ግኝት አይደለም። እዚያ ፍርድ ላይ በምን እንደደረሳችሁ አይናገርም። «ደረት፦ ኖርማል» ሲባል ጀርባውን አዳምጣችኋል? ወይስ ከሸሚዙ በላይ ከፊት ብቻ? አንባቢው ማወቅ አይችልም።

በምትኩ ያደረጋችሁትን ጻፉት። «አተነፋፈሱ አይቸገርም። ከፊትም ከኋላም አየር በሁለቱም በኩል እኩል ይገባል። ተጨማሪ ድምፅ የለም።» ለመጻፍ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ሌሊት የሚመጣው ሐኪም ግን መነሻ አገኘ።

እጃችን ሳናስብ የሚጽፋቸው ሐረጎችም አሉ። «ፒንክ ኮንጀንክቲቫ» (የዓይኑ ሽፋን ውስጡ ሮዝ ነው)፣ «ኤስ ዋን ኤስ ቱ ዌል ኸርድ» (ሁለቱ የልብ ድምፆች በደንብ ይሰማሉ)፣ «ኦሪየንትድ ቱ ታይም፣ ፕሌስ ኤንድ ፐርሰን»። ሐረጎቹ ጥፋት የለባቸውም። የዓይኑን ሽፋን ዝቅ አድርጋችሁ ካያችሁ «ፒንክ» በሉ። ቀኑን፣ ያለበትን ቦታና ስሙን ሳትጠይቁት ግን «ኦሪየንትድ» አትበሉ። ሰላምታ የመለሰ ሰው ሁሉ አእምሮው ጥርት ያለ ነው ማለት አይደለም። የተዘባረቀባቸው አዛውንቶች ሰላምታ አሳምረው ይመልሳሉ።

የበሽታውን ስም በምርመራው ቦታ ብጽፈውስ?

ይህን በጣም ነው የምለምናችሁ፤ አታድርጉት። ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት የ«ሶፕ» አጻጻፍ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሐኪሙ ሎውረንስ ዊድ ካቀረበው ችግርን መሠረት ካደረገ የካርድ አያያዝ ነው። ታካሚው ያለው አንድ ቦታ፣ እኛ ያገኘነው ሌላ ቦታ፣ ያሰብነው ሦስተኛ ቦታ፣ የምናደርገው አራተኛ ቦታ ይጻፋል። የተለያዩት በምክንያት ነው።

«ደረት፦ ኒሞኒያ አለው» ብላችሁ ጻፋችሁ እንበል። በማግስቱ ራጁ በሳንባው ዙሪያ ፈሳሽ ያሳያል። ያ ዓረፍተ ነገር ፈረሰ፤ ከሥሩም ምንም አልተረፈም። «በቀኝ በኩል፣ ከኋላ፣ ታችኛው ሲሶ፦ በጣት ሲመታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል፤ የትንፋሽ ድምፁ ቀንሷል» ብትሉ ኖሮ ግን ግኝቱ አይነቃነቅም ነበር። እንዲያውም ፈሳሽ መሆኑን ቀድሞ ይጠቁም ነበር። ድፍን ድምፅ ኖሮ የትንፋሹ ድምፅ ከቀነሰ ወደ ፈሳሽ ያዘነብላል። ድፍን ድምፅ ኖሮ የብሮንካይ ዓይነት ሻካራ ትንፋሽ ከተሰማ ወደ ኒሞኒያ። ሐሳባችሁ ሊሳሳት ይችላል። ጆሯችሁ የሰማው በቦታው ይቆይ።

ቁጥር መቼ ልጠቀም?

በተቻለ መጠን ሁልጊዜ። «ትልቅ»፣ «ትንሽ»፣ «መጠነኛ» የሚሉት ቃላት ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲሄዱ ትርጉማቸው ይቀየራል። እብጠትን በፍራፍሬ ስም መለካትም ያው ነው፤ የእናንተ ሎሚ የእኔ ሎሚ አይደለም። ኪሳችሁ ውስጥ ሜትር ይኑር። «በአንገት ግራ ጎን፣ 3 በ2 ሴንቲሜትር፣ ጠንካራ፣ የሚንቀሳቀስ፣ ሲነካ የማያም» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚያየው ሰው አደገ አላደገም ማለት ይችላል። ጉበት ሲዳሰስም ከቀኝ የጎድን አጥንት ጠርዝ በታች ስንት ሴንቲሜትር እንደወረደ ይጻፍ።

የንቃት መለኪያው ላይ ትንሽ ልቆይ። እ.ኤ.አ. በ1974 ግላስጎው ላይ ቲስዴልና ጄኔት ያወጡት መለኪያ፣ በአጭሩ «ጂሲኤስ»፣ ሦስት ክፍል አለው። ዓይን እስከ 4፣ ንግግር እስከ 5፣ እንቅስቃሴ እስከ 6። ድምሩ ከ3 እስከ 15 ነው። «ጂሲኤስ 10» ብቻ ስትጽፉ ግማሹን መረጃ ጣላችሁት። «ዓይን 3፣ ንግግር 2፣ እንቅስቃሴ 5» እና «ዓይን 1፣ ንግግር 4፣ እንቅስቃሴ 5» ሁለቱም 10 ናቸው። አልጋው ላይ የተኙት ሰዎች ግን በጣም ይለያያሉ። ሦስቱንም ለየብቻ ጻፉ።

የጡንቻ ጉልበት ከ0 እስከ 5 ነው። 3 ማለት ክንዱን ወይም እግሩን ያነሳል፣ እናንተ ከተጫናችሁት ግን አይቋቋምም። የልብ «መርመር»፣ ማለትም ደም በልብ ውስጥ ሲያልፍ የሚሰማው ተጨማሪ ድምፅ፣ ከ1 እስከ 6 ይመደባል፤ ከ4 ጀምሮ እጃችሁን ደረቱ ላይ ስታደርጉ ንዝረቱ ይሰማችኋል። የደም ግፊት ከሆነ የትኛው ክንድ እንደሆነ፣ ተኝቶ ይሁን ተቀምጦ ጨምሩ። ሲነሳ የሚያዞረው ሰው ካለ ተኝቶ ለኩት፣ አስነሱት፣ በ3 ደቂቃ ውስጥ ደግማችሁ ለኩት። የላይኛው በ20 ወይም የታችኛው በ10 ከወረደ ግኝት ነው።

አተነፋፈስንም እባካችሁ ቁጠሩት። ብዙ ካርድ ላይ ሁሉም ሰው በደቂቃ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። አልተቆጠረም ማለት ነው። ጤነኛ አዋቂ ከ12 እስከ 20 ይተነፍሳል፤ ታካሚ መክፋት ሲጀምር ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚለወጠው ይኸው ቁጥር ነው። ምቱን የምትለኩ መስላችሁ እጁን ያዙና ሙሉ ደቂቃ ደረቱን ተመልከቱ። እንደምትቆጥሩለት ካወቀ አተነፋፈሱን ይለውጠዋል።

የሌለ ነገርንስ መጻፍ አለብኝ?

የሚለይ ከሆነ፣ አዎ። ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞ ለመጣ ሰው «አንገቱ አልደረቀም፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ የለም» የሚለው ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ወገቡን ያመመው ሰው ከሆነ የእግሮቹ ጉልበትና በመቀመጫው አካባቢ ያለው ስሜት ይጻፍ። አንድ ባት ካበጠ ሁለቱንም ባቶች ለኩ። ከጉልበት በታች ካለው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲሜትር ወርዳችሁ ዙሪያውን ለኩና ልዩነቱን ጻፉ። ከ3 ሴንቲሜትር የበለጠ ልዩነት የደም መርጋትን ጥርጣሬ ያጠነክራል።

ሆዱን ላመመው ሰው «ሲነካ አይጠነክርም» ማለት አንድ ነገር ነው። የብሽሽት ቦታዎች መታየታቸውን መጻፍ ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል። የታነቀ ሄርኒያ፣ ማለትም በሆድ ግድግዳ ክፍተት ወጥቶ የተያዘ አንጀት፣ የሚደበቀው ደግሞ እዚያ ነው።

ያልመረመርኩትን ምን ላድርገው?

«አልተመረመረም» ብላችሁ ጻፉ። ምክንያቱንም አስከትሉ። አያሳፍርም። የሚያሳፍረው ያላዩትን አየሁ ማለት ነው።

«ከህመሙ የተነሳ መገልበጥ ስላልተቻለ ጀርባው አልታየም፤ ማስታገሻ ከወሰደ በኋላ ይታያል» የሚል መስመር ለቀጣዩ ሰው ሥራ ይሰጣል። መስመሩ ባዶ ከቀረ ወይም «ቆዳ፦ ኖርማል» ከተባለ ግን ከወገቡ በታች የጀመረው የመኝታ ቁስል ሳምንት ሙሉ ሳይታይ ሊሰነብት ይችላል። ታካሚው እምቢ ካለም እንዲሁ ነው። ምን እንደነገራችሁት፣ ምን ብሎ እንደመለሰ ሳትቆጡ ጻፉት።

ቴምፕሌት ወይም የትናንቱን ኖት ኮፒ ማድረግ ክልክል ነው?

የበፊት ሕመሙን፣ አለርጂውን፣ የመድኃኒት ዝርዝሩን አምጥታችሁ ብታስተካክሉት ጊዜ ትቆጥባላችሁ። የአካል ምርመራውን ግን ከባዶ ጀምሩ።

አንድ ዓይናቸው ሰው ሠራሽ የሆነ ሰዎች ካርድ ላይ «ሁለቱም ብሌኖች ለብርሃን እኩል ይጠባሉ» ተብሎ ይገኛል። እግራቸው የተቆረጠ ሰዎች «የሁለቱም እግሮች ምት ይዳሰሳል» ይባልላቸዋል። ማንም ሊዋሽ አስቦ አይደለም። አንድ ቁልፍ ተጫነ፣ ሙሉ ምርመራ ተሞላ። ጉዳቱ በዚያ መስመር አያበቃም። ይህን ያነበበ ሐኪም፣ ነርስ ወይም ዳኛ ቀሪውንም መስመር አያምነውም። በትክክል ያዳመጣችሁት ልብ እንኳ አብሮ ይጠረጠራል።

እኔ ከመፈረሜ በፊት አንድ ነገር አደርጋለሁ። እያንዳንዱን መስመር ሳነብ እጄ የት እንደነበረ አስታውሳለሁ። ካላስታወስኩ መስመሩን አጠፋለሁ፤ አስፈላጊ ከሆነ ተመልሼ ሄጄ እመረምራለሁ።

ቅደም ተከተሉ ለውጥ ያመጣል?

ማየት፣ መዳሰስ፣ በጣት መታ መታ ማድረግ፣ ማዳመጥ። ሆድ ላይ ግን ማዳመጡ ከመዳሰስ ይቀድማል፤ መነካካቱ የአንጀቱን ድምፅ ሊለውጠው ይችላልና። በጽሑፍ ግን ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መጻፍ ነው። የጎደለው ቶሎ ይታያል።

አህጽሮተ ቃላትስ?

ጥቂት፣ ሁሉም የሚያውቃቸውን ብቻ። «ኤንኤዲ» ለአንዱ «ችግር አልተገኘም» ነው፤ ለሌላው «ታካሚው የተጨነቀ አይመስልም» ነው። «ኤምኤስ» የልብ ቫልቭ መጥበብም ይሆናል፣ የነርቭ በሽታም ይሆናል። ቀኝና ግራን ግን በፍጹም አታሳጥሩ። ሙሉውን ጻፉት።

ተሳስቼ ብጽፍስ? ወይም ዘግይቼ ብጽፍ?

ወረቀት ላይ ከሆነ አንድ ቀጭን መስመር አስምሩበት፤ ከሥሩ ያለው ይነበብ። አጠገቡ ትክክለኛውን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፊርማችሁን አኑሩ። ነጭ ማጥፊያ አትቀቡ፣ ገጽም አትቅደዱ። ኮምፒውተር ላይ ከሆነ የፈረማችሁትን ከመለወጥ ተጨማሪ ማስታወሻ ጻፉ። ዘግይታችሁ ስትጽፉ ሁለቱንም ሰዓት አስቀምጡ፤ ያያችሁበትንና የጻፋችሁበትን። «በ4 ሰዓት ታየ፣ በ9 ሰዓት ተጻፈ» ማለት ቅሬታ አያስነሳም። መደበቁ ነው የሚያስነሳው።

ሲኒየሩ ያገኘው ከእኔ ከተለየ የማን ይጻፍ?

የሁለታችሁም፣ ከነሰዓቱ። ጠዋት ስፕሊኑ (ጣፊያው) አልተዳሰሰም፤ ከሰዓት ሲኒየሩ 2 ሴንቲሜትር ዳሰሰ። የእናንተን አጥፍታችሁ የእሱን አትተኩ። አብራችሁ ተመልሳችሁ ሂዱ፣ እጃችሁን እሱ ባስቀመጠበት አስቀምጡ። ከተሰማችሁ ያንን ጨምሩ። ካልተሰማችሁም እውነቱን ጻፉ። ሲኒየሮችም የተማሪን ግኝት ራሳቸው ሳያረጋግጡ አይፈርሙበት።

የብልት፣ የፊንጢጣ ወይም የጡት ምርመራ ሲሆን ምን ይጨመራል?

ምክንያቱ ተብራርቶለት ፈቃዱን መስጠቱ፣ አብሮ የቆመው ባለሙያ ስምና ሥራ፣ ከዚያ ግኝቱ። አብሮ የሚቆም ሰው ቀርቦለት አልፈልግም ካለም ይጻፍ። ይህ ታካሚውንም እናንተንም ይጠብቃል።

ታካሚው ራሱ ቢያነበውስ?

ሊያነበው ይችላል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2021 ጀምሮ ታካሚዎች ኖታቸውን ሳይዘገይ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያገኙ ደንቡ ያዛል። ባያነበውም እንኳ ሲያነበው የማያሳፍራችሁን ጻፉ።

ምሳሌ ልስጥ። «ሰክሮ መጣ» አትበሉ። «ትንፋሹ አልኮል ይሸታል፤ ንግግሩ ይጎተታል፤ ሲቆም ይንገዳገዳል» በሉ። ነገሩ የአክብሮት ብቻ አይደለም። ስኳሩ የወረደበት ሰውም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የሚፈስበት ሰውም ይንገዳገዳል። «ሰካራም» የሚለው ቃል አንዴ ካርዱ ላይ ከሰፈረ ስኳሩን የሚለካለት ሰው ሊጠፋ ይችላል። «አመመኝ ባይ ነው» የሚለው አጻጻፍም ያው ነው። «ሲነካ ፊቱን ያጨማድዳል» ወይም «ወሬ ላይ እያለ ሲነካ አላመመውም» በሉ። ያያችሁት በቂ ነው።

ንግግራችንን ሰምቶ ኖት የሚጽፈው ኤአይስ? በቪዲዮ ሲሆንስ?

ማሽኑ የሚሰማው የተነገረውን ነው። እጃችሁ የዳሰሰውን አያውቅም። ስለዚህ እየመረመራችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ቀኝ ጉልበት ትንሽ አብጧል፣ ይሞቃል፣ ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍም»። ታካሚውም ይሰማል፤ ብዙዎቹ ይወዱታል። ከዚያ ረቂቁን መስመር በመስመር አንብቡ። ያልተደረገ ምርመራ አሳምሮ ጽፎ ልታገኙት ትችላላችሁ። የሚፈርመው እሱ አይደለም።

በቪዲዮ ከሆነ በቪዲዮ መሆኑን ጻፉ። የፊቱን ቀለም፣ አተነፋፈሱን፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጥ መናገር መቻሉን ማየት ይቻላል። ግፊቱን ራሱ ለክቶ ከነገራችሁ «ታካሚው ቤቱ ለክቶ የነገረን» በሉት።

ወረፋው ረጅም ነው፤ ጊዜ የለኝም። ከሁሉ የቱን ላስቀድም?

አውቃለሁ። እኔም ቀኑ ሲያልቅ አሥር ካርድ ደርድሬ፣ የማንን ሆድ እንደዳሰስኩ እያምታታብኝ ጽፌ አውቃለሁ። ያ ነው አደጋው። ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሳትሄዱ ቁራጭ ወረቀት ላይም ቢሆን ጣል አድርጉት፤ ወረቀቷን በኋላ በደንብ አስወግዷት።

ሦስት ነገር ካሰፈራችሁ ብዙው ተረፈ። መጀመሪያ ታካሚው በጥቅሉ እንዴት እንደሚታይ፦ ተቀምጦ ያወራል ወይስ ተኝቶ ያቃስታል? ቀጥሎ በእጃችሁ የቆጠራችኋቸው ቁጥሮች። ከዚያ እስከ ነገ ሊለወጥ የሚችለው የአካል ክፍል፣ ዛሬ እንዳለበት ሁኔታ። ቀሪውን ከሰዓት ተመልሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

እኔ አሁን አንድ ሰው ሲተኛ እግሩ ጋ ስደርስ ካልሲውን አወልቃለሁ። የሁለቱንም እግሮች ምት እዳስሳለሁ፣ ሙቀታቸውን በእጄ ጀርባ አወዳድራለሁ፣ ሰዓቱን ጽፌ መልሼ አጠልቅለታለሁ።